የጋሼ ቶርኖ የመጨረሻ ሞተር

አባቴ ሌባ መሆኑን ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ጋሼ ቶርኖ ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ወንበር ተንጋለው፣ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ጥለው ያንኮራፋሉ። ጋዜጣው በትንፋሻቸው ብድግ ቁጭ ይላል። እኔ የወርክሾፑ ደፍ ላይ ተቀምጬ፣ ከብረት መላጊያው ቶርኖ ሥር የለቀምኩትን የነሐስ ፍቅፋቂ ጣቴ ላይ እየጠመጠምኩ ቀለበት እሠራለሁ። ቀና ስል አባቴ የጋሼ ቶርኖን ትንሽ ሞተር ፈትቶ፣ ከሆዱ አንዲት የምታብረቀርቅ ነገር አወጣና በመሀረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት። ከሌላኛው ኪሱ ደግሞ ሌላ አውጥቶ በቦታዋ አስገባ። ብሎኖቹን መልሶ ሲያስር እጁ ይፈጥናል፤ ዓይኑ ግን ከውጪው ወንበር ላይ አልተነሳም።

ከዚያ እኔን አየኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ፈገግ ለማለት ሞከረና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። "ለጋሼ እንዳትነግሪያቸው፣ እሺ? የእኔና የአንቺ ምስጢር ነው" አለኝ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። የአባቴ ጆሮ የሚቀላው ሲያፍር ብቻ እንደሆነ እናቴም፣ እኔም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም እናውቃለን። ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች?

አባቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው በር እያንኳኳ፣ የሰው ግቢ እየገባ፣ ጎንበስ ብሎ የቆጣሪ ክዳን እያነሳ ይውላል። ነፍሱ ግን ያለችው ቅዳሜ ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ቶርኖ፣ የጥርስ ሐኪሙና እሱ ሆነው ትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮች ይሠራሉ። ሊሸጡት አይደለም፤ ውድድርም የለበትም። የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገባ፣ ግን የእውነት ውሃ አፍልቶ የእውነት የሚዞር ሞተር ነው። አንዱን ለመጨረስ ዓመትም፣ ከዚያ በላይም ይፈጅባቸዋል። እናቴ "እነዚያ ጎረምሶች ዛሬም መጫወቻቸውን አልጨረሱም?" ትላለች። ጎረምሶች የምትላቸው አንዱ ጡረተኛ፣ አንዱ ራሰ በራ፣ አንዱ ደግሞ የገዛ ባሏ ናቸው። እሷ ቅዳሜ ፀጉር ቤት ስለምትሠራ እኔ ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ።

ጋሼ ቶርኖ የሁለቱም አስተማሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በውሃ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት ሲልጉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ያንኑ አሮጌ ቶርኖ ጓሯቸው አስገቡት። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። አባቴ ሞረድ አያያዝ የተማረው ከእሳቸው ነው። "ሞረዱን አትግፋው፣ ይሂድ ተወው" የምትል አባባል ነበረቻቸው። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ድምፃቸውን አስመስላ "ቢላውን አትግፊው፣ ይሂድ ተዪው" እያለች ታሾፍበት ነበር።

የሦስቱ መረዳዳት ለእኔ ግራ ነበር። ዶክተር የጥርስ መሰርሰሪያውን ይዞ ይመጣል፤ ሰናፍጭ የማታሳልፍ ቀዳዳ በሱ ይበሳሉ። አባቴ ይበይዳል፤ እጁ ለእሳት የታደለ ነው። ጋሼ ቶርኖ የሁሉንም ሲሊንደር ይቦረቡራሉ። አንዱ ሲያቅተው ሌላው "እስቲ አምጣው" ብሎ ወስዶ ይሠራለታል። ምስጋና የሚባል ነገር የለም። ዶክተር አንድ ቀን አመሰግናለሁ ቢል ጋሼ ቶርኖ "ሂድ ወዲያ! ምን እንግዳ ያደርግሃል?" ብለው አባረሩት። ደንባቸው አንድ ነበር፦ ሳይጠየቅ የሰው ሞተር የሚነካ የለም። እንኳን መፍታት፣ አቧራውን እፍ ማለት ነውር ነው። ያን ቅዳሜ ልቤ ቀጥ ያለው ለዚህ ነው።

ሁሉም የሠራው ዕቃ ሆድ ላይ ምልክት ያደርጋል። የአባቴ አንድ ጭረት ናት። የጋሼ ቶርኖ ሁለት ነጥብ። "አንዷ ለእኔ፣ አንዷ ለቶርኖዬ" ይላሉ። ያን ጊዜ የሚሠሩት ሞተር የመጨረሻቸው ነበር። ልጅ እግር ሳሉ በመጀመሪያ የተቀጠሩበት የውሃ ጣቢያ ውስጥ ውሃ ወደ ከተማው የሚገፋ ትልቅ ፓምፕ ነበርና የሱን ሞዴል ነው የሚሠሩት። "ያኔ ስትዞር እግሬ ይብረከረክ ነበር። ይኸው አሁን ጭኔ ላይ ላስቀምጣት ነው" ይላሉ። "ይቺ ከዞረች ቶርኖውን እሸፍነዋለሁ፤ እኔም አርፋለሁ።" ሲናገሩ የሻይ ብርጭቋቸው ከማስቀመጫው ጋር ክልል ክልል ይላል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሎቹ ያንን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ።

እቤት ስንደርስ አባቴ ያወጣትን ዕቃ ቁም ሣጥኑ ላይ ባለ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠ። እናቴ ዕቃ ልትገዛ ስትወጣ ወንበር ላይ ወጥቼ አየኋት። ፒስተን ነበረች፤ ለስላሳ፣ አውራ ጣቴን የምታክል። ገለበጥኳት። ሁለት ነጥብ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ተጨመረ። ከዚያም ሌላ። የጋሼ ቶርኖ የቀትር እንቅልፍ የአባቴ የሥራ ሰዓት ሆነ። እኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጋዜጣው ብድግ ቁጭ ማለቱን እጠብቃለሁ። ጠብቂ ያለኝ የለም፤ ግን አባቴ ነው፣ ቢያዝስ? 

ብቻውንም አልነበረም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዶክተር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሁለቱ ጓዳ ገብተው በሹክሹክታ ሲያወሩ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ይቺ ከገባች ያቺኛዋ አትሆንም" ይላል ዶክተር።

"እሷንም አወጣታለሁ።"

"ኧረ ስንቱን አውጥተን እንችለዋለን?"

"ምን ምርጫ አለን? አንዴ ገብተንበታል።"

"እሺ፣ ምልክቷንስ? ሁለት ነጥብ ምታባት እንጂ። ቢገለብጧትስ?"

"ይሄን አላደርገውም" አለ አባቴ። "የሰው ፊርማ አልፈርምም።"

ሌባ ሆኖ የሰው ፊርማ አልፈርምም ማለቱ ገረመኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችንን መመርመር ያዝኩ። አባቴ የሰው ግቢ ገብቶ የሚውል ሰው ነው፤ ታዲያ ስንቱን አንስቶ ይሆን? ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ጃንጥላ የማን ነው? ያቺ የተሸረፈች ሰማያዊ ሳህን ከየት መጣች? ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ "አባትሽ ትናንት ቤታችን መጥቶ ነበር" ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። "የጠፋ ነገር አለ?" አልኳት። ልጅቷ አፍጥጣ አየችኝ።

እውነቱን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ፣ አባቴም ካረፈ በኋላ፣ አፌን በሰፊው ከፍቼ ነው። ዶክተር እስከ ዛሬ ክሊኒኩን አልዘጋም። አንተ ነው የምለው፤ "እርስዎ ስትዪኝ የራሴ ጥርስ የሚነቃነቅ ይመስለኛል" ስለሚል። ድሮም ቢሆን ወሬ የሚጀምረው ሰው መመለስ የማይችልበት ሰዓት ላይ ነው። ባለፈው መንጋጋዬን አደንዝዞ፣ ጥጥ ጎስጉሶብኝ፣ "የጋሼ ቶርኖን ነገር አባትሽ ነግሮሽ ያውቃል?" አለኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሼ ቶርኖ አንድ ቀን አባቴን "እስቲ ያቺን ፒስተን አቀብለኝ" ይሉታል። አባቴ ዕቃ ሲይዝ በልማድ ይለካል፤ ውፍረት መለኪያው ካሊፐር ከኪሱ አይጠፋም። ለካት። ንድፉ ላይ ካለው ልክ በፀጉር ያህል ወፍራለች። በፀጉር ያህል ማለት ለእነሱ ገደል ነው፤ የወፈረች ፒስተን ሲሊንደሯ ውስጥ ትነክሳለች፣ አልንቀሳቀስም ትላለች። ሌላ ዕቃ ለካ፤ እሷም ወፍራለች። በዚያው ቅጽበት የጋሼ ብርጭቆ ክልል ክልል አለ። "ሁለታችንም እጃቸው አለቀ አልን" አለኝ ዶክተር። "ማን ይንገራቸው? አንተ ንገር፣ አንተ ንገር ተባባልን። በኋላ አባትሽ 'ለምን ይነገራቸዋል? በልኳ ሠርቼ እተካላቸዋለሁ። ትዙርላቸው፣ ደስ ይበላቸው፣ በዚያው ያርፋሉ' አለ። እኔ ከክሊኒኩ ጀርባ ያለችኝን ትንሽ ቶርኖ ሰጠሁት።"

ፒስተኗን በልኳ ሠርቶ ሲያስገባት ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ላላች። ሲሊንደሩም ተበላሽቷል ተባባሉ ሁለቱ። ሲሊንደሩን ሲቀይር ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ክዳኑን ሲቀይር ቫልቩ። ጋሼ እስኪነቁ ባለችው ትንሽ ጊዜ ከመፍታትና ከመግጠም በቀር የወጣውን ከወጣው ጋር የማስተያየት ፋታ አልነበረውም። እንዲህ እያለ በየቅዳሜው አንድ አንድ ብሎ፣ ከጋሼ ቶርኖ ሞተር ውስጥ ጋሼ ቶርኖን አወጣቸው።

ቀጥሎ የሆነውን ዶክተር አላየውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። እሑድ ጠዋት ነው። እናቴ ማድ ቤት ጠረጴዛው ጋ አስቀምጣኝ ፀጉሬን እየጎነጎነች፣ እኔ ዋይ ዋይ እያልኩ፣ አባቴ የብስኩቱን ቆርቆሮ አምጥቶ ጋዜጣ ላይ ገለበጠው። ዕቃዎቹን ሊወለውላቸው ነበር መሰለኝ። አንዱን ሲያነሳ፣ አንዱን ሲጥል፣ እንዲያው እጁ ሥራ ፈትቶ የጋሼን ፒስተን በጋሼ ሲሊንደር አፍ ላይ አስቀመጣት።

ፒስተኗ አልነከሰችም። አልላላችምም። በራሷ ክብደት፣ ቀስ ብላ፣ አየሩን ሽሽሽ እያሰኘች ወረደች።

አባቴ ጋዜጣው ላይ ጎንበስ አለ። ክዳኑን አነሳ፤ ገጠመ። ቫልቧን አነሳ፤ ገባች። አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ፣ ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው ሁሉ እርስ በርሱ እንደ እጅና ጓንት ሆነ። ከዚያ አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ምን ሆንክ?" አለች እናቴ፣ ማበጠሪያዋን ፀጉሬ ውስጥ ትታ።

"ልክ ናቸው።"

"ምኖቹ?"

"ሁሉም። ድሮም ልክ ነበሩ።"

"ታዲያ መልስላቸዋ!"

"ብመልስላቸው ያውቁታል።"

"ባትመልስላቸውስ?"

አባቴ ፒስተኗን አንስቶ ሁለቱን ነጥቦች በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "ሽማግሌውን ዘረፍኳቸው" አለ። "በቁማቸው ዘረፍኳቸው።"

በገዛ አንደበቱ ሲናገር ሰማሁ። እናቴ ደግሞ ሌባ ባሏን ጥላ አልሄደችም፤ ይባስ ብላ ትከሻው ላይ እጇን አደረገች። በሁለቱም አፈርኩ።

የሆነው ይህ ነበር። ጋሼ ቶርኖ ይህን ሞተር ከመጀመራቸው በፊት ካሊፐራቸው ወድቆባቸዋል። ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ ብሎኗ ላልቶ በፀጉር ያህል ሸርተት ብላለች። እሳቸው በዚያችው ለክተው ፒስተኑንም፣ ቀዳዳውንም፣ ዘንጉንም እኩል አወፈሩት። ሞተሩ ከንድፉ በፀጉር ተለቅ ያለ፣ ግን እንከን የሌለበት ሞተር ነበር። ሁለቱ ወዳጆቻቸው የሚንቀጠቀጠውን እጅ ሲያዩ መለኪያውን መለካት አላሰቡም። እሳቸውን ከቶርኖ ፊት ሲቆሙ ደህና አድርጎ ያያቸው ሰው ቢኖር፣ ብረት ሲነኩ ያ እጅ ፀጥ እንደሚል ያውቅ ነበር። አባቴ ያፈረው በዚህ ነው። ያስተማሩትን ሰው ሳያያቸው ሞተዋል ብሎ ቀበራቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆርቆሮውን በቦርሳ ይዞ ሄደ። አሳቡ ጋሼ ሲተኙ ሁሉንም ወደ ቦታው መመለስ ነበር። ጋሼ ቶርኖ ግን ያን ቀን እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ሞተሩ አልቆ ነበር። እንደ ሙሽራ ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ "በሉ ዘይት አቀብሉኝ፤ አንድ ጊዜ ፈትቼ ላጥባትና እናስነሳታለን" አሉ።

ዶክተር ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አባቴ ቦርሳውን ታቅፎ ቆመ።

ጋሼ ፒስተኗን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ሆዷን ዳሰሷት። ደግመው ዳሰሷት። መነጽራቸውን አደረጉ። "ነጥቦቼስ?" አሉ፣ ራሳቸውን እንደሚጠይቁ። ሲሊንደሩን ገለበጡ። ክዳኑን። ቫልቩን። ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፤ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል ዞረውም አዩአቸው። ከዚያ ቀና ብለው "ይሄ ሞተር የማነው?" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለ አባቴ። ቆርቆሮውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

ጋሼ ቶርኖ ክዳኑን ከፍተው አዩ። የተቆጡ አልመሰሉኝም፤ ግራ የተጋቡ ሕፃን መሰሉ። "ለምን?" አሉ። "ብትጠይቀኝ አልሰጥህም ነበር?"

"ይሰጡኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

ዶክተር "ጋሼ፣ ነገሩ እንኳ..." ብሎ ጀመረ። አባቴ እግሩን ረገጠው፤ እኔም አየሁ። "አምረውኝ ነው" አለ አባቴ። ጆሮው ፍም ሆኗል። "አምረውኝ ነው የወሰድኳቸው።"

እንግዲህ ሁለት መልስ ነበረው። አንደኛው እውነቱ ነው፦ እጅዎ ያለቀ መስሎኝ፣ ባለሙያነትዎ የሞተ መስሎኝ። ይህን በዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ፊት መናገር አልቻለም። ሌባ መባልን መረጠ። ይህ የገባኝ ጥጥ አፌ ውስጥ ይዤ ነው።

ጋሼ ቶርኖ የቆርቆሮውን ክዳን መልሰው ገጠሙ። ከዚያ "የጓሮ በሬን ቁልፍ አስቀምጥልኝ" አሉት። አባቴ ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ሲታገል ጥፍሩ ተሰበረ። ዶክተር እዚያው ቆሞ ቀረ፤ አልተከተለንም።

"እግሬን ሲረግጠኝ" አለኝ ዶክተር መስታወቱን አፌ ውስጥ እያዞረ፣ "እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ዝም በል ሲለኝ ዝም ማለት ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ዓይኑን ልየው? መንገድ ላይ ሳየው ሱቅ ገብቼ የማልፈልገውን ሳሙና እገዛ ነበር።"

እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ያወቀ መሰለኝ። ጋሼ ቶርኖ ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ግን ልጅ ነኝ፣ ዳቦ ሻጩ ሲስቅ በእኛ የሳቀ ይመስለኛል። አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ሳህን ያጥባል፣ ያጠበውን መልሶ ያጥባል። ከዚያ "ነይ እንንሸራሸር" ይለኛል። የምንንሸራሸረው በየትም ይጀምር፣ ሁልጊዜ በጋሼ ቶርኖ አጥር ሥር ያልፋል። እዚያ ሲደርስ እርምጃው ይዘገያል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ዳግመኛ ሊሰርቃቸው ቤቱን እያጠና ነው ብዬ አሰብኩ። አጥሩ እስኪያልቅ ድረስ እግሬን እግሬን እያየሁ እሄዳለሁ።

ከግድግዳው ወዲያ የሆነውን የነገረኝ ያው ዶክተር ነው። ጋሼ ቶርኖ ለብዙ ቀን ቆርቆሮውን አልነኩትም። በኋላ የራሳቸውን ዕቃ መልሰው ገጠሙና ሞተሩን አስነሱት፤ ዞረ። ደስታቸው ግን አልሞላም። የአባቴን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያነሱ ሲያዩ ዋሉ። ዶክተርን ጠርተው "ሌባ የወሰደውን በተሻለ ዕቃ ይተካል እንዴ? ይሄን የሠራ እጅ በእኔ ዕቃ ምን አማረው?" አሉት። ዶክተር ያኔ አልቻለም፤ ሁሉንም ዘረገፈው። ጋሼ ካሊፐራቸውን አስመጡ፤ ከዶክተር ካሊፐር ጋር አስተያዩት። መጀመሪያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እንባው አላለቀም።

"እንግዲያው እሱም ሳያውቀው አንድ ሞተር ሠርቷል" አሉ። የጎደለውን፣ እግሩንና ትልቁን መዘውር፣ በተስተካከለ መለኪያ ራሳቸው ሠርተው የአባቴን ዕቃዎች በእሱ ላይ ገጠሙ። "ሂድና ጥራው በሉኝ እንጂ ብላቸው" አለኝ ዶክተር፣ "እምቢ አሉ። 'እኔ ነኝ ያስወጣሁት፤ ልኬበት ቢመጣ የታዘዘ ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሬ ሥር እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ባርኔጣውን አየዋለሁ። ሞተሩ ራሱ ይጥራው' አሉ። ሁለቱን ሞተሮች ጎን ለጎን አስነሳን። ያን ሁልጊዜ የሚቀረቀር በራቸውን በድንጋይ አስደግፈን ወለል አድርገን ከፈትነው። እንፋሎቱ ሲያልቅ ውሃ እየጨመርን፣ እሳቱን እየቆሰቆስን እስኪመሽ ጠበቅን። አልመጣም። ክረምቱ ሳይወጣ ጋሼ አረፉ። አባትሽ ግትር ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።"

ጥጡን አወጣልኝ። አሁን መናገር እችል ነበር። "ስንት ሰዓት ነው ምግብ የምበላው?" ብቻ አልኩት።

አባቴ መጥቶ ነበር።

ያን ቅዳሜ እጄን ይዞኝ ነበር የምንሄደው። ገና የአጥሩ ጥግ ሳንደርስ ድምፁን ሰማን፤ ጢቅ ጢቅ ጢቅ የሚል፣ ፈጣን፣ እንደ ልብ ምት። አባቴ ቆመ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ፊቱ እንዴት እንደበራ ምን ብዬ ልናገር! እንደዚያ ሲደሰት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። "ሁለት ናቸው" አለኝ። "ትሰሚያለሽ? አንዷ ወፈር ያለች፣ አንዷ ቀጠን ያለች። ሁለት ናቸው!" እጄን እየጎተተ ወደ በሩ ሮጥ አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ድንጋይ ተደግፎለታል። ከጓሮው ነጭ እንፋሎት ይታያል፣ የጋሼ ቶርኖም ሳቅ ይሰማል።

አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ።

እኔ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ። ከማዶ ሁለት ሴቶች ይመጣሉ። ሌባ ደጅ ቆሞ በር እንዲህ ክፍት የሚተው ሰው ሞኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አባቴ ገብቶ አንዱን ብድግ ሲያደርግ፣ ጋሼ ሲጮሁ፣ ሰው ሲሰበሰብ ታየኝ። በሁለት እጄ ክንዱን ጨምድጄ ወደ ኋላ ጎተትኩት።

"አባዬ፣ እንሂድ!" አልኩት፤ እያለቀስኩ ነበር። "እንሂድ በናትህ። ሌባው መጣ ይሉናል።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀም፤ ፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጁ ምን ብላ እንደምታስበው አላወቀም ነበር። አፉን ከፈተ፤ ማስረዳት ይችል ነበር፤ ግን ለሕፃን ልጅ በፀጉር ያህል ስለወፈረች ፒስተን ምን ተብሎ ይነገራል? ጆሮው ቀስ እያለ ቀላ። ያስገባውን እግር አወጣ።

"እሺ" አለ፣ "እንሂድ።"

ጥቂት እንደሄድን እጄን ለቀቀኝ። ሁለቱ ሴቶች እየቀረቡ ነበር። ወደ እነሱ አየና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "አንቺ ቅደሚ" አለኝ ለስለስ ባለ ድምፅ፤ "እኔ ራቅ ብዬ ከኋላሽ እመጣለሁ። አብረሽኝ እንዳትታዪ።"

ደስ አለኝ። እየሮጥኩ ቀደምኩት።